ተሰበረብኝ ወይስ ሰበርሁት?

የፈተና ውጤት በታወቀ ዕለት በካፌ ጠረጴዛዎች መካከል የሚነገረውን አማርኛ ጆሮውን አቅንቶ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። የቀናው ተማሪ «ኤ አመጣሁ» ይላል። ያልቀናው ግን «ኤፍ አመጣሁ» ሲል እስካሁን አልሰማንም። «ኤፍ ሰጠኝ» ነው የሚለው። ኤውን ራሱ ደክሞ፣ ተሸክሞ፣ ከሩቅ አገር ያመጣው ዕቃ ነው፤ ኤፉን ግን አንድ ክፉ ሰው መንገድ ላይ ጠብቆ በግድ አስጨብጦታል። ሁለቱም ፊደላት ከአንድ መምህር፣ ከአንድ እስክሪብቶ መውጣታቸውን የሚያስታውስ የለም።

ነገሩ በፈተና ብቻ ቢያበቃ ስቀን እናልፈው ነበር። ግን ወደ ዕለት ኑሯችን ዘወር ስንል ይኸው አነጋገር በየቦታው ተሰልፎ ይጠብቀናል። ብርጭቆ ከእጅ ሲወድቅ «ተሰበረብኝ» ይባላል። ቀጠሮ ላይ ያረፈደ ሰው «ሰዓቱ ሄደብኝ» ይላል፤ ንባቡን ሳይጨርስ ያደረ «እንቅልፍ ጣለኝ»፤ ጓደኛውን በሰው ፊት ያዋረደ «ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ»፤ በጥፊ የተማታ «ንዴት ያዘኝ»። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ጥፋት ካለ ደግሞ እሱን ሰይጣን ይወስደዋል፣ «ሰይጣን አሳስቶኝ» ነውና። በዚህ ሰዋስው ውስጥ ብርጭቆ ይሠራል፣ ሰዓት ይሠራል፣ እንቅልፍና ንዴት ይሠራሉ፤ ሰው ግን ይደረግበታል እንጂ አያደርግም። የግሡ ባለቤት ሁልጊዜ ሌላ ነው። እኛ በግሡ ጭራ ላይ፣ በ«ብኝ» ተንጠልጥለን የምንጓዝ ተሳፋሪዎች ነን።

ይህን ስንል አማርኛችንን መክሰሳችን አይደለም። ስፓኝኛ ተናጋሪዎችም ብርጭቆ ሲሰብሩ ከ«ተሰበረብኝ» ጋር የሚመሳሰል አነጋገር አላቸው። ደግሞም ለ«ብኝ» ጠበቃ ይቁምለት ከተባለ እኛው እንቆምለታለን። ሰብሉ ለአጨዳ ሲደርስ በረዶ የወረደበት ገበሬ «በረዶ መታብኝ» ቢል እውነቱን ነው። በሬው የሞተበትም፣ ልጇ የታመመባትም እውነታቸውን ነው። የሆነውን ነገርና የተጎዳውን ሰው በአንዲት ቃል አስሮ ማቅረብ የሚችል ቋንቋ ስላለን ልንኮራ ይገባናል። ስለዚህ ጥያቄው «ብኝ» ማለት ይገባል ወይስ አይገባም አይደለም። የትኛው «ብኝ» እውነት ነው? የትኛውስ መደበቂያ ነው? ጭንቁ እዚህ ላይ ነው።

ይህን ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች ነበሩ። ስማቸው ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ 17ኛው ምዕራፍ ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ከተነጋገራቸው ፈላስፎች መካከል ኢስጦኢኮች የተባሉት እነሱ ናቸው። (ዛሬ ዛሬ «ስቶይኮች» ማለት ተለምዷል። እኛ የመጽሐፍ ቅዱሱን አጠራር መርጠናል፤ አፍ ይሞላል።) መሥራቻቸው ዜኖን ከቆጵሮስ ደሴት፣ ኪቲዮን ከምትባል ከተማ የመጣ ሰው ሲሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ አቴና ውስጥ በሥዕል ባጌጠ በረንዳ ሥር ማስተማር ጀመረ። እንዲህ ያለው በረንዳ በግሪክኛ «ስቶአ» ስለሚባል ስማቸው ከዚያ ወጣ፤ የበረንዳው ሰዎች እንደ ማለት ነው። በጠቅላላው የግሪክ ጠቢባን ነገር ለአገራችን ሊቃውንትም አዲስ አልነበረም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ የነሶቅራጥስንና የነአፍላጦንን ስም ይዞ አገራችን ከገባ ቆይቷል።

እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ከዜኖን 400 ዓመት ያህል ዘግይቶ ያስተማረውን ኤፒክቴተስን ነው። ምክንያቱም ከሁሉም ይልቅ ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀርብ እሱ ይመስለናል። በ50 እ.ኤ.አ. ገደማ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር፣ በሂየራፖሊስ ከተማ ተወለደ። ባሪያ ነበር። ስሙ ራሱ በግሪክኛ «የተገኘ፣ በገንዘብ የመጣ» እንደ ማለት ነው፤ እናትና አባት የሚያወጡት ስም ሳይሆን የዕቃ ስም ነው። ጌታው ኤጳፍሮዲጡስ ራሱ ነፃ የወጣ ባሪያ ሆኖ ለንጉሠ ነገሥቱ ለኔሮን ጸሐፊ ለመሆን የበቃ ሰው ነበር። ኤፒክቴተስ አንካሳ እንደነበርም ከራሱ አነጋገር እንረዳለን። ባሪያ ሳለ ሙሶንዮስ ሩፎስ ከተባለ የታወቀ መምህር ይማር ነበር። በኋላ ነፃ ወጥቶ በሮም ሲያስተምር ንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያን በ1ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ፈላስፎችን ከከተማው ስላባረረ፣ ወደ ግሪክ ምዕራባዊ ዳርቻ ተሻግሮ በኒቆፖሊስ ትምህርት ቤት ከፈተ።

አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። በእጃችን ያለው ሁሉ አርያን የተባለ ተማሪው የያዘው ኖት ነው። ስምንት መጻሕፍት እንደነበሩ ይነገራል፤ የተረፉት አራቱና ከእነሱ ተጨምቃ የወጣች አንዲት ትንሽ የእጅ መጽሐፍ ናቸው። አርያን በመቅድሙ ላይ ኖቱን ለራሱ ማስታወሻ እንጂ ለሕዝብ ብሎ እንዳልያዘው፣ ሳያውቅና ሳይፈቅድ ከእጁ ወጥቶ እንደተሠራጨ ይናገራል። «ወጣብኝ» ማለቱ ነው እንግዲህ! የኢስጦኢክ ተማሪ እንኳ ከ«ብኝ» አላመለጠም። ያ ከእጁ የወጣ ኖት ግን እየዞረ እየዞረ፣ ከ161 እስከ 180 ከገዛው ከንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬሊዮስ እጅ ገባ። የባሪያውን ትምህርት የዓለሙ ጌታ አነበበው ማለት ነው። ኖት የምንዋዋስ ሁሉ ይህን ብናስታውስ አይከፋም።

የትምህርቱ መነሻ አንድ ክፍፍል ነው። ከነገሮች ሁሉ አንዳንዶቹ በእጃችን ናቸው፤ ሌሎቹ አይደሉም። በእጃችን ያሉት ፍርዳችን፣ ፍላጎታችን፣ ጥላቻችን፣ አንድን ነገር ለማድረግ የምንነሣሣው መነሣሣት ናቸው። በእጃችን ያልሆኑት ደግሞ ገላችን፣ ንብረታችን፣ ስማችን፣ ሹመታችን ናቸው። ክፍፍሉ በጣም ቀላል ይመስላል። ስማችን በእጃችን አይደለም የሚለውን አንድ ቀን ሙሉ ይዞ ለመኖር የሞከረ ግን ቀላል አለመሆኑን ያውቀዋል።

«አናደደኝ» የምትለዋን ቃል እንውሰድ። በአማርኛ ማናደድ ተሻጋሪ ግሥ ነው፤ አናዳጁ ሌላ፣ ተናዳጁ እኔ። ኤፒክቴተስ እዚህ መሐል አንዲት በር አለች ይላል። ስድቡ ከውጭ መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል። «ይህ ውርደት ነው፣ መበቀል ይገባኛል» የሚል ሐሳብም አብሮት ይመጣል። ይህን ሐሳብ «እሺ፣ ልክ ነህ» ብሎ የሚያስገባው ግን ተሰዳቢው ራሱ ነው። ኢስጦኢኮች የሰው ኃላፊነት ያለው በዚች «እሺታ» ላይ ነው ይላሉ። ሰዳቢው በስድቡ ይጠየቅበታል። እሺታው የእሱ አይደለም።

እንዴ፣ ታዲያ የሰው ልጅ ድንጋይ ይሁን ነው የሚሉት? ብዙዎቻችን ኢስጦኢክን የምናውቀው እንዲህ ነው፤ ፊቱ የማይለወጥ፣ የማያለቅስ፣ የማይስቅ ሰው። ለዚህ የምንወደው መልስ አውሎስ ጌሊዮስ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ ካቆየልን ወግ ውስጥ ይገኛል። ጌሊዮስ ከአንድ ስመ ጥር ኢስጦኢክ ፈላስፋ ጋር በመርከብ ሲጓዝ ሌሊቱን ብርቱ ማዕበል ተነሣ። ፈላስፋው እንደ ሌላው አይጩህ እንጂ ፊቱ አመድ መሰለ። ማዕበሉ ጸጥ ሲል አንድ ሀብታም ተሳፋሪ መጥቶ፣ እኔ ሳልደነግጥ አንተ ፈላስፋው ምነው ገረጣህ ብሎ ቀለደበት። ፈላስፋው ለሀብታሙ ከዘለፋ በስተቀር መልስ አልሰጠውም። ለጌሊዮስ ግን፣ ምክንያቱን ከልቡ ለጠየቀው፣ ከከረጢቱ የኤፒክቴተስን አምስተኛ መጽሐፍ አውጥቶ አሳየው። (ይህ መጽሐፍ ከጠፉት አንዱ ስለሆነ ስለ ይዘቱ የምናውቀው በዚህ ወግ ነው።) ነገሩ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ፣ የፊት መገርጣት፣ የልብ መዝለል በእጃችን አይደለም። ጠቢቡንም ሞኙንም እኩል ይይዛል። ሞኙ ግን ድንጋጤው የነገረውን አምኖ ይቀበላል፤ ጠቢቡ ደንግጦ ሳለ አላምንህም ይለዋል።

ስለዚህ «ድንጋጤ ያዘኝ» እውነተኛ ቃል ነው። «እንቅልፍ ጣለኝ»ም አንዳንዴ እውነት ነው፣ ሥጋ ነውና። «ንዴት ያዘኝና መታሁት» ስንል ግን «ያዘኝ» እና «መታሁት» በሚሉት ሁለት ግሦች መካከል አንድ የተዘለለ ነገር አለ።

ስለ ተዘለለ ነገር ካነሣን ኤፒክቴተስ ራሱ ተማሪ ሳለ የደረሰበትን እንጥቀስ። መምህሩ ሩፎስ አንድ የሎጂክ ጥያቄ ሰጥቶት ኖሮ፣ በክርክሩ ውስጥ የጎደለችውን አንዲት እርከን ሳያገኝ ቀረ። ሩፎስ ሲቆጣው ኤፒክቴተስ፣ ካፒቶልን እንዳቃጠልሁ ያህል ነው እንዴ ይህን ያህል የሚቆጡኝ በሚል ዓይነት መለሰ። ካፒቶል የሮም ታላቁ ቤተ መቅደስ ያለበት ኮረብታ ነው፤ በ69 የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ተቃጥሎ ስለነበር በዚያን ዘመን ከዚያ የባሰ ጥፋት አይታሰብም። ሩፎስ ግን፣ እዚህ ቦታ ላይ የጎደለችው እርከን ካፒቶል ናት አለው። ይህን ስናነብ በመጀመሪያ ሳቅን። ቀጥሎ ዝም አልን። ከእኛ መካከል ካፒቶል የሚያቃጥል አይኖርም። እጃችን ላይ የሚወድቀው ሁልጊዜ ትንሹ ነገር ነው፤ የቡድን ሥራ ሲሰጥ ሦስት ገጽ፣ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በጊዜው መመለስ፣ ለታመመ የክፍል ጓደኛ ኖት መገልበጥ። «ትንሽ ነገር እኮ ናት» ብለን የምናልፋት ነገር ለእኛ ከተሰጠን ሥራ ውስጥ ሙሉው ሥራ ናት።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንግባ። በአገራችን ከ«ብኝ» የበለጠ ጉልበት ያለው መደበቂያ «ያለው አይቀርም» የሚለው ነው። ሐኪም ቤት ሂድ ሲሉት «ያለው አይቀርም»፤ አጥና ሲሉት «ዕድሌ ከሆነ አልፋለሁ»። ኢስጦኢኮችን በዚህ ላይ መጠየቅ የሚያስደስተው እነሱም በዕጣ ፈንታ የሚያምኑ ስለነበሩ ነው። አንድም ነገር ያለ ምክንያት አይሆንም፣ ሁሉም በሰንሰለት የተያያዘ ነው ባዮች ናቸው። ታዲያ ተቃዋሚዎቻቸው «የሰነፍ ክርክር» በሚባለው መጡባቸው። በሽተኛው ሊድን ከተወሰነለት ሐኪም ጠራም አልጠራም ይድናል፤ ሊሞት ከተወሰነበትም ጠራም አልጠራም ይሞታል፤ እንግዲያው ሐኪም ለምን ይጠራል?

መልሱን የሰጠው ክሪሲፖስ ነው። ከዜኖን ሦስተኛ ሆኖ ትምህርት ቤቱን የመራ፣ ከ700 በላይ ጥቅልል ጻፈ የሚባልለት፣ ከዚያ ሁሉ አንድም ሙሉ ሥራ ያልተረፈለት ሰው ነው። ምሳሌው ታጋይን ይመለከታል። ሚሎን የተባለው ታጋይ በኦሊምፒያ እንደሚታገል የተወሰነ ነው እንበል። ታዲያ ተጋጣሚ ኖረውም አልኖረውም ይታገላል ማለት ይቻላል? ብቻውን ሊታገል! መታገሉ ከተወሰነ ተጋጣሚው አብሮ ተወስኗል። መዳኑ ከተወሰነም የሐኪሙ መጠራት የዚያ ውሳኔ አካል ሊሆን ይችላል። «ያለው አይቀርም» ያለ ሰው ካለው ነገር ውስጥ የራሱን እጅ ቀንሶ ነው የሚቆጥረው። ማለፍ ተጽፎለት ከሆነ ከመጽሐፉ ጋር የሚያድርባቸው ሌሊቶችም እዚያው መስመር ላይ አብረው ተጽፈው ይሆናል። እነሱን ሳያነብ ወደ መጨረሻው ቃል ይዘላል።

እዚህ ድረስ ክሪሲፖስ ያሸንፋል እንላለን። ሁለተኛው ምሳሌው ግን አከራክሮናል። በርሜል የሚመስል ድቡልቡል ነገርና አንድ ሾጣጣ ነገር ቁልቁለት ላይ ብትገፉ፣ አንደኛው ቀጥ ብሎ ይንከባለላል፤ ሌላው ዙሪያውን ይሽከረከራል። ግፊያው ከውጭ ነው፤ አሽከረካከሩ ግን ከየራሳቸው ቅርጽ። ሰውም እንዲሁ ነው ይላል። አጋጣሚው ይገፋዋል፤ እንዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ጠባዩ ነው፤ ስለዚህ ድርጊቱ የራሱ ነው።

መልካም። ታዲያ በርሜሉን በርሜል ያደረገው ማን ነው? እየተገረፈ ያደገ ልጅ አድጎ ቢማታ ቅርጹን ራሱ አልቀረጸም። ውሸት ከተማረበት ቤት የወጣ፣ ፍርሃት ከወረሰ ሰፈር የመጣ፣ እነዚህ ሁሉ ቅርጻቸውን ከሌላ ተቀብለዋል። በዚህ ነገር ብዙ ሌሊት ተከራክረናል። ክሪሲፖስ ለዚህ አጥጋቢ መልስ ሰጥቷል ብለን መናገር አንችልም። ከመካከላችን አንዱ፣ እንግዲያው «አስተዳደጌ ነው» የሚለው «ብኝ» እውነተኛው «ብኝ» ነው ብሎ እስከ መደምደም ደርሶ ነበር።

ኤፒክቴተስ ጥያቄውን አይመልሰውም፤ ግን ቦታውን ያዛውረዋል። ማን ቀረጸኝ የሚለው ወደ ኋላ የሚያይ ጥያቄ ነው። እሱ ተማሪዎቹን የሚጠይቃቸው አሁን በእጅህ ባለው ምን ታደርግበታለህ እያለ ነው። በርሜል ደግሞ ቁልቁለቱን ሲወርድ ቆም ብሎ «ማን ድቡልቡል አደረገኝ?» አይልም። ይህን የጠየቀ ፍጥረት ለጠየቀባት ደቂቃ መንከባለሉን አቁሟል። የእሱ ትምህርት ሁሉ ያቺን ደቂቃ ማስረዘም ነው። በልምምድ ነው የሚለው፤ ልክ ታጋይ በየቀኑ እንደሚለማመደው፣ ዛሬ በሰበረ ዕቃ፣ ነገ በጠፋ ዕቃ፣ ከነገ ወዲያ በስድብ። በዚህ ላይ ኤፒክቴተስ የማይታክት ነው፤ አንዳንዴም ያሰለቻል፣ እውነቱን ለመናገር።

አሁን አንድ አደገኛ ነገር አለ፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፉ ባይጻፍ ይሻል ነበር።

ስለ ዜኖን አንድ የታወቀ ወግ ይነገራል። ባሪያው ሲሰርቅ ይዞ ይገርፈው ጀመር። ባሪያውም የጌታውን ፍልስፍና ያውቅ ኖሮ፣ መስረቅ ዕጣዬ ሆኖብኝ ነው አለ። ዜኖን፣ መገረፍም ዕጣህ ነው ብሎ መለሰለት። ይህ ወግ እንደ ጥሩ ቀልድ ሲጠቀስ እናያለን። ሎጂኩም አይነቀፍም። ነገር ግን ጅራፉ በማን እጅ ነበር? ኃላፊነትን የሚያስተምረው ገራፊው ሲሆን፣ የሚማረው ተገራፊው ሲሆን፣ ትምህርቱ ትምህርት መሆኑ ይቀራል። ዛሬም እንዲህ ነው። ደመወዙ ሦስት ወር የዘገየበትን ዘበኛ «መናደድህ ያንተ ፍርድ ነው፣ ራስህን ግዛ» ብሎ የሚመክር አለቃ ቢመጣ፣ ቃሉን ከኤፒክቴተስ ወስዶ ሥራውን ግን ከጅራፉ ጋር አድርጓል። ዘበኛው የመናደዱ ጌታ ሊሆን ይችላል። የደመወዙ መዘግየት ግን የአለቃው እሺታ ነው፤ ስለዚያ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ስለዚህ እኛ እንዲህ እናስባለን፦ ይህ ትምህርት በአንደኛ መደብ ብቻ የሚረባ ግሥ ነው። «ሰበርሁት» ማለት ይቻላል፤ «ሰበርኸው፣ ኃላፊነትህን ውሰድ» ሲባል ግን ሌላ ነገር ይሆናል። እሱም ሊያስፈልግ ይችላል፤ ፍርድ ቤት አለ፣ ሕግ አለ። ግን ፍልስፍና አይደለም። ማርቆስ አውሬሊዮስ ለራሱ በያዘው ማስታወሻ ውስጥ ደጋግሞ «አንተ» እያለ ይገሥጻል፤ ያ «አንተ» ግን ራሱ ነው። ኤፒክቴተስ ደግሞ ለራሱ ስለ ራሱ አንካሳ እግር ሲናገር የሚሰማው ሰው የመናገር መብት አለህ ወይ ብሎ ሊጠይቀው አይችልም። ከዜኖን ጅራፍ እስከ ባሪያው ወንበር ድረስ ትምህርቱ 400 ዓመት ተጉዞ ነው ትክክለኛ አፉን ያገኘው።

ሄግል በ1807 ባሳተመው የመንፈስ ፌኖሜኖሎጂ ላይ የኢስጦኢኮችን ነፃነት ተችቷል። በዙፋንም በሰንሰለትም ላይ እኩል ነፃ ነኝ የሚል ነፃነት የሐሳብ ብቻ እንጂ የኑሮ ነፃነት አይደለም ባይ ነው። ይህ ትችት ከጓደኞቻችን መካከል ብዙ ደጋፊ አለው፤ እኛም ግማሹን እንቀበላለን። ግማሹን የማንቀበለው ኤፒክቴተስ ለተማሪዎቹ ደጋግሞ የሚያነሣው ሔልቪድዮስ ጵሪስቆስ ስላለ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን (69–79) ይህን የሮም ሴናተር ወደ ሸንጎ አትግባ አለው። እሱም፣ ከሸንጎ አባልነት መሻር ያንተ ፈንታ ነው፣ እስካልተሻርሁ ድረስ ግን መግባት የእኔ ፈንታ ነው በሚል መንፈስ መለሰ። ግባና ዝም በል ሲባልም፣ ከጠየቃችሁኝ ያመንሁበትን እናገራለሁ አለ። በኋላ ተገደለ። ይህ ሰው በሐሳቡ ውስጥ ተሸሽጎ ነፃ ነኝ አላለም። በእጁ ያለውና የሌለው ምን እንደሆነ ስለለየ ነው በሩን ገፍቶ የገባው።

ሴኔካ ደግሞ በተቃራኒው ይቆማል። ስለ ቁጣ፣ ስለ ጸጥታ፣ ስለ ጊዜ አያያዝ ከሁሉም አሳምሮ የጻፈ እሱ ነው። ማታ ማታ መብራቱ ሲወሰድ የዋለበትን አንድ በአንድ እየመረመረ ለራሱ ምንም ሳይደብቅ እንደሚናገር ጽፎልናል። ይህ ሰው የኔሮን መምህርና አማካሪ ነበር። በ59 ኔሮን እናቱን ሲያስገድል፣ ለሴኔቱ የተላከውን የማስተባበያ ደብዳቤ ያዘጋጀው ሴኔካ መሆኑ በዘመኑ ይነገር እንደነበር ታሲቶስ ጽፏል። በ65 ኔሮን እሱንም ራሱን እንዲገድል አዘዘው። ያን ደብዳቤ ባዘጋጀባት ማታ መብራቱ ሲወሰድ ለራሱ ምን ብሎት ይሆን? «ታዝዤ ነው» ብሎት ከሆነ፣ ያ «ታዘዝሁ» ከ«ብኝ» ሁሉ የሚከፋው «ብኝ» ነው፤ አገራችንም በደንብ ታውቀዋለች።

ወደ እኛው ቅጥር እንመለስ። የመኝታ ሕንጻ ውስጥ የሚያጋጥም አንድ ዓይነት ታሪክ አለ፤ ብዙ ሰው በየቦታው ይተርከዋል። የአንዱ ልጅ ገንዘብ ይጠፋል። ማታውኑ «እከሌ ነው አሉ» ይባላል። ማን አለ? አይታወቅም፤ ተባለ። በሳምንቱ እከሌ ካፌ ሲገባ ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። በሁለተኛው ሳምንት አብሮት የሚያጠና ይጠፋል። ምናልባት የመጣበት አገርና የሚናገረው ቋንቋም ይነሣል፤ «እነሱ እኮ» የሚል ይመጣል። በሦስተኛው ሳምንት ገንዘቡ ባለቤቱ ራሱ ያስቀመጠበት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ስልሳ ሰው አንድ ድምፅ ሆኖ «ተወራ እንጂ እኛ አላልንም» ይላል።

ነገሩ የሚገርመው ሁሉም እውነታቸውን መሆኑ ነው። «ተባለ» እንጂ «አልሁ» ያለ የለም። አማርኛ እዚህ ላይ ከ«ብኝ»ም የባሰ መደበቂያ አዘጋጅቷል። «ብኝ» ቢያንስ የተጎዳውን ሰው ይጠቅሳል፤ «ተባለ» ግን ተናጋሪም ተጎጂም የለውም። የኢስጦኢኮችን በር ያመጣን እንደሆነ ግን ነገሩ ይፈታል። ወሬው በስልሳ በር ላይ ቆሟል። በእያንዳንዱ በር አንድ ሰው «እሺ» ብሎታል። ኃላፊነቱ ለስልሳ አይከፈልም። ለስልሳ የተከፈለ ጥፋት አልነበረም፤ ስልሳ ሙሉ ጥፋት ነው የነበረው። ያቺ ጸጥ ያለች ጠረጴዛ የስልሳው ሁሉ ሥራ ናት። እከሌ ደግሞ በኢስጦኢክኛ ከሄድን ስሙ በእጁ አልነበረም። በእጁ የነበረው በማግስቱም ካፌ መግባት ነው። ይህ መጽናኛ ይሆነዋል ብለን አንደፍርም፤ ስሙን መመለስ የእነዚያ የስልሳዎቹ ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ ኃላፊነትን ከራስ ወቀሳ ጋር የሚያምታቱ አሉ። ኤፒክቴተስ በትንሿ የእጅ መጽሐፍ ሦስት ዓይነት ሰው ይለያል፦ ያልተማረው በደረሰበት ሁሉ ሌላውን ይወቅሳል፤ መማር የጀመረው ራሱን ይወቅሳል፤ የተማረው ሌላውንም ራሱንም አይወቅስም። ብዙዎቻችን ሁለተኛው ላይ ስንደርስ የደረስን ይመስለናል። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ እኔ ነኝ» እያለ ደረቱን የሚመታ ሰው እኮ ሰው ሁሉ እንዲያባብለው ጥሩ ዘዴ አግኝቷል! ዕቃውን የሰበረ ሰው ስባሪውን ጠርጎ፣ ሌላ ገዝቶ ካስቀመጠ ማልቀሱ ማንንም አይጠቅምም።

ቃሉም ራሱ ያስቃል። «ኃላፊ» ማለት በአማርኛ አንድም የሚጠየቅ ሰው ነው፣ አንድም የሚያልፍ ነገር ነው፤ «ዓለም ኃላፊ ጠፊ ነው» እንደሚባለው። ወደ አንድ ቢሮ ጎራ ያለ ሰው የሁለቱን ትርጉም አንድነት ወዲያው ይረዳል። «ኃላፊው የሉም» ይባላል። አልፈዋል።

ኤፒክቴተስ አብዛኛውን ዕድሜውን ሚስትም ልጅም ሳይኖረው ነው የኖረው። ትምህርቱ ሰውን ለብቻው የሚያስቀር፣ የሌላውን ችግር «በእጄ አይደለም» የሚያሰኝ ነው የሚሉ ሰዎች ይህንን ይጠቅሱበታል። በ6ኛው መቶ ዓመት ትንሿን መጽሐፍ ያብራራት ሲምፕሊቅዮስ ግን አንድ ነገር አቆይቶልናል። ኤፒክቴተስ ካረጀ በኋላ፣ አንድ ወዳጁ በድህነት ምክንያት ሕፃን ልጁን ሊጥል መሆኑን ሰማ። ሕፃን መጣል በዚያን ዘመን የተለመደ ነበር፤ የሚጠይቅም አልነበረም። ሽማግሌው ሕፃኑን ራሱ ወስዶ አሳደገው፤ የምትንከባከበውም ሴት ወደ ቤቱ አስገባ።